ለተማሪ የዳንስ ፖርትሬት ፕሮጀክት የራስን ሐሳብ እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ፎቶግራፍ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «የዳንስ ፖርትሬት ፕሮጀክት ተሰጥቶናል። ካሜራ አለን፣ ዳንሰኛም አለን። ሐሳቡ ግን አልመጣ አለን፤ ምን እናንሳ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሐሳብ ቁጭ ብለው ሲጠብቁት አይመጣም። ከቦታ ወይም ከልብስ መጀመርም ብዙ አያራምድም። የሚያዋጣው አንድን ዳንሰኛ ጠጋ ብሎ ማየት፣ መጠየቅ፣ ከዚያም ካያችሁት ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር መዝዞ እሷ ላይ ችክ ማለት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በዚህ መንገድ የተደረደሩ ናቸው። በተለይ ከ3 እስከ 5 ያሉትን ቅደም ተከተላቸውን አታዛቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሜራ ወይም ደህና ስልክ። ካሜራ ከሆነ የሻተር ፍጥነቱን (ፎቶ ሲነሳ ብርሃን የሚገባበትን የጊዜ ርዝመት) በእጃችሁ መቀየር የምትችሉበት ይሁን።
- አንድ ሌንስ። 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ለፖርትሬት ይመቻል።
- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። ይህን ዕቃ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ሐሳቡ የሚገኘው ግን እዚህ ላይ ነው።
- ትልቅ መስኮት ወይም አንድ መብራት።
- ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ)።
- ወለል ላይ ምልክት የሚደረግበት፣ ሲነሳ ሙጫ የማይተው ፕላስተር።
- ሙዚቃ ማጫወቻ ስፒከር።
- ውሃ፣ ፎጣ፣ ለዳንሰኛው የሚደረብ ሙቅ ልብስ።
- የፈቃድ ወረቀት። ስለሱ ደረጃ 8 ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ የተሰጣችሁን ወረቀት ሁለት ጊዜ አንብቡ

ስንት ፎቶ ነው የተጠየቀው? መቼ ይረከባል? ታትሞ ነው በስክሪን? ጽሑፍ አብሮት ይኖራል? ይህን ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። ብዛቱ በተለይ ወሳኝ ነው። ለ1 ፎቶ የሚበቃ ሐሳብ ለ8 ፎቶ አይበቃም፤ ሦስተኛው ላይ ራሱን መድገም ይጀምራል።

የተጠየቃችሁት ፖርትሬት መሆኑንም አትርሱ። የዳንስ ፎቶ እንቅስቃሴውን ካሳየ ሥራውን ጨርሷል። ከፖርትሬት ግን ተመልካቹ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ይዞ መሄድ አለበት። ፊት የግድ መታየት አለበት ወይስ ጀርባና እጅም ይበቃል? መምህራችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ የመጣላችሁን ሁሉ ጽፋችሁ ገሸሽ አድርጉት

ሰዓት ይዛችሁ 10 ደቂቃ ሳታቋርጡ ጻፉ። መንገድ መሀል አየር ላይ የተንሳፈፈች ዳንሰኛ። የሚበተን ዱቄት። ወደ ኋላ የሚወረወር እርጥብ ፀጉር። ፀሐይ ስትጠልቅ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ሰውነት። ያለቀ የባሌት ጫማ። በነፋስ የሚውለበለብ ረጅም ጨርቅ። ሁሉም ይውጣ።

ቀድሞ የሚመጣልን ብዙ ጊዜ ያየነው ነው። ወረቀት ላይ ካላወረዳችሁት ጭንቅላታችሁን ይዞ ይቀመጣል። ዝርዝሩ በኋላም ይጠቅማችኋል፤ አዲስ ያላችሁትን ሐሳብ ከሱ ጋር ታስተያዩታላችሁ።

ዝላይ ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ዝላይ አሪፍ ነው። ችግሩ ያንኑ ዝላይ ሌላ ሰው ቢዘለውም ፎቶው ያው መሆኑ ነው።

ደረጃ 3፦ ያለ ካሜራ ልምምድ ቦታ ተቀመጡ

ከዳንሰኛው ጋር ተነጋገሩና አንድ ሙሉ ልምምድ ከዳር ሆናችሁ ተመልከቱ። ካሜራውን አታውጡት። ካሜራ ከወጣ እናንተ ጥሩ ፎቶ መፈለግ ትጀምራላችሁ፣ ዳንሰኛውም መታየት ይጀምራል። ሁለታችሁም ሥራችሁን ትታችሁ ትወና ትገባላችሁ።

ዳንሱን ብቻ አትዩ። ዳንሱ ሊጀምር ሲል፣ ሲቋረጥ፣ መምህሩ ሲያርም፣ ተራ ሲጠበቅ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ተከታተሉ። በልምምድ ክፍል ውስጥ ሰው ራሱን የሚረሳው እነዚህ ላይ ነው።

ስትጽፉ ዓይን የሚያየውን ብቻ ጻፉ። «በጣም ቆንጆ ተንቀሳቀሰች» አይሆንም። «ከመዞሯ በፊት የግራ አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ትሸፍናለች» ይሆናል። የመጀመሪያው አስተያየት ነው፤ ካሜራ ሊያነሳው አይችልም። ሁለተኛው ሌንስ የሚደገንበት ነገር ነው። ከአንድ ልምምድ 20 እንዲህ ያሉ መስመሮች ይዛችሁ ለመውጣት ሞክሩ።

ከዚህ በኋላ በአንድ ምሳሌ እንሂድ። አንዲት ተማሪ ደብተሯ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች እንበል፦ «አዲስ ጥምረት ሲማሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እየቆጠሩ ነው። መምህሩ ‹አፍ!› ሲል ሁሉም ይዘጋሉ፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና ይጀምራሉ።» ጥምረት ማለት ተያይዘው የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች ናቸው። ዳንስ የተማረ ሰው ይህን ቆጠራ ያውቀዋል። ብዙ ዳንስ በ8 ቆጠራ ይከፋፈላል፤ ጀማሪ ቆጠራውን ጮክ ብሎ ይላል፣ ሲለምድ በከንፈር፣ መጨረሻ ላይ በልቡ። መድረክ ላይ የሚደበቅ ነገር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለችዋን መስመር አክብቡባት።

ደረጃ 4፦ ዳንሰኛውን ጠይቁ

ቃለ መጠይቅ አታስመስሉት፤ ከልምምድ በኋላ ጥግ ይዞ መጫወት ይበቃል። ግን ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። «ዳንስ ላንቺ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ሕይወቴ ነው» የሚል መልስ ነው የምታገኙት፤ እሱም ፎቶ አይሆንም። ጥያቄው ወደ ሰውነት፣ ወደ ጊዜና ወደ ዕቃ ይውረድ፦

- መድረክ ልትወጪ አንድ ደቂቃ ሲቀርሽ እጅሽ ምን ይሠራል?
- ሰውነትሽ ላይ ዳንስ ምልክት የተወው የት ነው?
- ሁልጊዜ የሚያርሙሽ ምንድን ነው?
- የትኛው እንቅስቃሴ ነው እስካሁን እንቢ ያለሽ?
- ሰው እንዳያይብሽ የምትደብቂው ምንድን ነው?
- ስትደክሚ መጀመሪያ የሚያሳብቅብሽ ምንሽ ነው? ትከሻ? እግር? ፊት?

ዝም ሲሉ አትቸኩሉ። መልሱን በቃል ሳይሆን በእጃቸው ሊያሳዩዋችሁ ሲነሱ ያን ጊዜ ደብተራችሁን ክፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ስለ ጉዳት፣ ስለ ክብደት ወይም ስለ ቤተሰብ የነገሯችሁን ሳትጠይቁ የፕሮጀክት ርዕስ አታድርጉት። «ይህን ብሠራበት ቅር ይልሻል?» በሉ። እንቢ ካለች በቃ፣ ሌላ መስመር ምረጡ።

ምሳሌያችን ላይ ዳንሰኛዋ ምን አለች? «5 ላይ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። 8 ላይ ነው የምለቀው።» ይኸው። አሁን የከንፈር እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን የእሷ የራሷ ነገር ተገኘ።

ደረጃ 5፦ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነገር ይያዝ፦ ማንን፣ ምን ሲያደርግ፣ በምን ገደብ። «የዳንስን ነፃነት ማሳየት እፈልጋለሁ» አይሠራም፤ ካሜራውን ወዴት ታዞሩታላችሁ? «አንዲት ዳንሰኛ አዲስ ጥምረት ስትማር ከ1 እስከ 8 ስትቆጥር ፊቷን፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ፎቶ» ይሠራል። የፎቶው ብዛት ሳይቀር ከሐሳቡ ውስጥ ወጣ።

ከዚያ በእነዚህ አጣሩት።

*ይነሳል ወይ?* ነገ ጠዋት ካሜራ ይዛችሁ ብትቆሙ ምን እንደምትጠብቁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ዓረፍተ ነገሩ ገና ነው።

*ሰው ቢቀየር ይቀየራል ወይ?* ሌላ ዳንሰኛ ብታቆሙ ፎቶው ምንም የማይለወጥ ከሆነ የሠራችሁት የእንቅስቃሴ ፎቶ ነው። ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ።

*ለሚፈለገው ብዛት ይበቃል ወይ?* በእርሳስ ትንንሽ ሳጥኖች ሣሉና እያንዳንዱ ውስጥ ምን እንደሚኖር ጻፉ። ሁለት ሳጥን አንድ ዓይነት ከሆነ ወይ ብዛቱን ቀንሱ ወይ ሐሳቡን አስፉ። ሥዕላችሁ መጥፎ ቢሆን ግድ የለም።

ፍጹም ማንም ያልነካው ነገር ካላገኘሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ቆጠራን ያነሳ ሰው የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላል። 5 ላይ ትንፋሿን የምትይዘውን ይህችን ልጅ ግን እናንተ ናችሁ ያያችኋት።

ደረጃ 6፦ የማይለወጡትን ነገሮች ወስኑ

ከርቀት፣ ከብርሃን፣ ከባክግራውንድና ከልብስ ቢያንስ ሦስቱ በሁሉም ፎቶ ላይ አንድ ይሁኑ። ሌላው ሁሉ ሲቆም ዓይን የሚለወጠውን ብቻ ይፈልጋል። በምሳሌያችን የሚለወጠው ከንፈርና አንገት ነው። ባክግራውንዱ ስምንት ቦታ ቢቀያየር ያቺን ትንሽ ለውጥ ማንም አያያትም።

ባክግራውንድ ስትመርጡ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ባዶ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ይበቃል። መስታወት ያለበት ክፍል ከሆነ ራሳችሁ እንዳትገቡበት ጎን ላይ ቁሙ።

ብርሃኑን ከጎን አምጡት። ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ፊትን ጠፍጣፋ ያስመስለዋል፤ ከጎን ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ሲመጣ የአንገት ጅማትና የከንፈር ጠርዝ ጥላ ያገኛሉ።

ደረጃ 7፦ ከዋናው ቀን በፊት ሙከራ አንሱ

ሙከራው ሐሳቡ ፎቶ ላይ ይታይ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ዳንሰኛዋ ባትገኝ ጓደኛ አቁሙና ቁጠር በሉት።

*የሻተር ፍጥነት።* ፊት ብቻ ከሆነና ብዙ ካልተንቀሳቀሰች 1/250 ሰከንድ መነሻ ይሁናችሁ። እጅና እግር ጥርት ብለው እንዲቆሙ 1/500፣ ለዝላይና ለፈጣን እሽክርክሪት 1/1000 ያስፈልጋል። እንቅስቃሴው እንዲፈስ ከፈለጋችሁ ወደ 1/30 ወይም 1/15 ውረዱና ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጡ።

ይህ ዝቅተኛ ፍጥነት ራሱ ሐሳብ ይወልዳል። ብዙ ዳንሰኞች ሲሽከረከሩ እንዳያዞራቸው ዓይናቸውን አንድ ነጥብ ላይ ይተክላሉ፤ ሰውነት ቀድሞ ይዞራል፣ ጭንቅላት መጨረሻ ላይ ፈጠን ብሎ ይከተላል። ካሜራውን እዚያ ነጥብ ላይ ብታቆሙት ሰውነቱ ብዥ ብሎ ፊቱ የሚለይበት ፎቶ ልታገኙ ትችላላችሁ። ብዙ ሙከራ ይፈልጋል፤ ሲሳካ ግን ደስ ይላል።

*አፐርቸር።* የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ያጓጓል። ግን ጥርት የሚለው ቦታ በጣም ቀጭን ስለሆነ ዳንሰኛዋ አንድ ስንዝር ወደ ፊት ስትመጣ ዓይኗ ይደበዝዛል። ከኤፍ 4 ጀምሩ። ፎከሱን ወደ ካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ አድርጉ።

*አይኤስኦ።* ካሜራው ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስን ቁጥር ነው። 1600 ወይም 3200 ቢደርስ አትፍሩ። ነጠብጣብ ያለበት ፎቶ ይታለፋል፤ የተንቀጠቀጠ ዓይን አይታለፍም።

*የክፍሉ መብራት።* ርካሽ የኤልኢዲና የፍሎረሰንት መብራቶች ለዓይን ሳይታይ ይርገበገባሉ። 1/500 ላይ ስታነሱ አንዱ ፎቶ ደመቅ፣ ሌላው ጠቆር፣ አንዳንዴም አግድም ጥቁር መስመር ይመጣል። ካሜራው የተበላሸ ይመስላችኋል፤ አልተበላሸም። መብራቱን አጥፍታችሁ በመስኮት ብርሃን ሥሩ፤ ወይም ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ወደ 1/100፣ 60 ኸርዝ በሆነበት ወደ 1/120 ውረዱ።

*ፍላሽ ካላችሁ።* በብዙ ካሜራዎች ከ1/200 ወይም 1/250 በላይ ከሄዳችሁ የፎቶው ከፊል ይጠቁራል። እንቅስቃሴን ለማቆም ኃይሉን ቀንሱት፤ አብዛኛው ትንሽ ፍላሽ ኃይሉ ሲቀንስ ብልጭታው ያጥራል።

*በስልክ ከሆነ።* ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ፣ ሰፊውን ተዉት። ሰፊ ሌንስ ተጠግቶ ሲያነሳ አፍንጫና ወደ ፊት የተዘረጋ እጅ ያለ ቅጥ ይተልቃሉ። ስክሪኑ ላይ ፊቷ የሚታይበትን ቦታ ተጭናችሁ ያዙና ፎከሱን ቆልፉ።

ሙከራውን ለሐሳቡ ባዕድ ለሆነ ሰው ምንም ሳትነግሩ አሳዩት። «ምን ታያለህ?» በሉት። «እየዘፈነች ነው?» ካለ ችግር አለ። ያኔ ወይ ትከሻና እጅ እንዲገባ ትንሽ ራቁ፣ ወይ ቁጥሩን ከፎቶው ሥር ጻፉ። በምሳሌያችን ከንፈር የሚለየው አንዳንዱ ቁጥር ላይ ብቻ ነው፦ «ሁለት» እና «ሦስት» ሲባል ይሾላል፣ «አምስት»፣ «ሰባት» እና «ስምንት» መሀል ላይ ይዘጋል። ሌሎቹን ተመልካች አይለያቸውም። ስለዚህ ሥሩ ቁጥር ማስፈር ግድ ይሆናል። ይህ የሚታወቀው በሙከራ ነው።

ደረጃ 8፦ ዋናው ቀን

ፈቃዱን መጀመሪያ ጨርሱ። ወረቀቱ ላይ ፎቶው የት እንደሚታይ በግልጽ ይጻፍ፦ ክፍል ውስጥ፣ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ኢንተርኔት ላይ። ዳንሰኛው ለአካለ መጠን ካልደረሰ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርም፤ ስታነሱም ሌላ አዋቂ ሰው ክፍሉ ውስጥ ይኑር።

ሰውነት ሳይሟሟቅ ምንም አታስደርጉ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስጡ። መብራት ስታስተካክሉ ቆመው ከቀዘቀዙ እንደገና ይሟሟቁ። የፎቶ ቀን ሰው ሊጎዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ዝለይልኝ» ይባላል፣ ጡንቻ ግን በርዷል። በተጨማሪ፦

- ሲሚንቶና ንጣፍ ድንጋይ ላይ ዝላይ አታስደጋግሙ። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳሉ።
- ገመድ መንገድ ላይ አይለፍ። የግድ ከሆነ በፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉት።
- የመብራት ማቆሚያ እግሩ ላይ ክብደት ይደረግበት።
- ጣሪያ ጠርዝ፣ የባቡር ሐዲድ፣ መኪና የሚያልፍበት መንገድ አይሞከሩም። ለየትኛውም ማርክ አያዋጣም።

ወለሉ ላይ የምትቆምበትን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ከብርሃኑም ከፎከሱም እንዳትወጣ። ከዚያ እውነተኛ ሥራ ስጧት። «የምትቆጥሪ ምሰይ» አትበሏት። ከዚህ በፊት የማታውቀውን ጥምረት መምህሯ ወይም ጓደኛዋ ያስተምራት፣ እናንተ አንሱ። የምታስመስል ከንፈርና የምትጨነቅ ከንፈር አንድ አይደሉም።

እናንተም አብራችሁ ቁጠሩ። የምትፈልጉት 5ን ከሆነ 5 ሲባል ከተጫናችሁ ያልፋችኋል፤ ጣትም ካሜራም ትንሽ ይዘገያሉ። 4 እያለቀ ተጫኑ። ዝላይም እንደዚሁ ነው፤ ሰውነት ጫፍ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፣ እናንተ ግን እየወጣ ሳለ መጫን አለባችሁ። በተከታታይ መተኮስ ይረዳል፣ ግን በሁለት ፎቶ መካከል የምትፈልጓት ቅጽበት ልትወድቅ ትችላለች።

በየ10 ደቂቃው ቆም በሉ። ፎቶዎቹን አሳዩዋት። «ይሄ እኔ አይደለሁም» ወይም «ይሄ ላይ እኮ ተሳስቻለሁ» ትላለች። የተሳሳተችበትን ለብቻው ምልክት አድርጉበት፤ ብዙ ጊዜ ፊት የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው። ለመጠቀም ግን ጠይቋት።

ደረጃ 9፦ ምርጫ

በዚያው ቀን አትምረጡ። ምን ያህል እንደለፋችሁበት ታስታውሳላችሁና የከበዳችሁን ፎቶ ታደሉለታላችሁ። አንድ ቀን አሳድሩት።

ከዚያ በትንሹ አትሙና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ ማተም ካልቻላችሁ ስክሪን ላይ ሁሉንም አሳንሳችሁ ባንድ ጊዜ እዩ። ዓረፍተ ነገራችሁን ከጎን አስቀምጡ። እያንዳንዱን ፎቶ «ይህን ዓረፍተ ነገር ይላል ወይ?» እያላችሁ አንሱ። በጣም ቆንጆው ፎቶ የማይል ከሆነ ይወጣል። ያማል፤ ግን ይወጣል።

ፎቶውን ከዳር ስትቆርጡ ጠርዙ በእጅ አንጓ፣ በክርን፣ በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ላይ አይረፍ። መገጣጠሚያው ላይ የተቆረጠ እጅ የጎደለ ይመስላል። ወይ በደንብ ይግባ ወይ በመገጣጠሚያዎች መሀል ይቆረጥ። ቀለምና ብርሃን ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይስተካከል። ቆዳ ማለስለስ ይቅር፤ ላብ የሥራው አካል ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ዕቃ ማብዛት።* ጭስ፣ ዱቄት፣ ባለ ቀለም መብራት ባንዴ። ብዙ ጊዜ ሐሳቡ እንዳልበሰለ የሚያሳብቀው ይህ ነው። አንዱን አውጡና ፎቶው ምን እንደሚጎድለው እዩ። ምንም ካልጎደለው አይመለስ።

*ከዳንሰኛው በላይ ማወቅ።* «እግርሽን እዚህ አድርጊ» እያላችሁ የማታውቁትን ስልት አታርሙ። የምትፈልጉትን ስሜት ወይም አቅጣጫ ንገሯት፤ እንዴት እንደምታደርገው እሷ ታውቃለች። ደግሞም ጣቷ ያልተዘረጋበትን ፎቶ ዳንሰኛ ወዲያው ያየዋል፣ እናንተ አታዩትም። ስለዚህ ከማስረከባችሁ በፊት አንድ ጊዜ ታጣራው።

*መሀል ላይ ሐሳብ መቀየር።* ሦስተኛው ፎቶ ላይ ሁሉም ይሰለቻል። አዲስ ሐሳብ ከመጣ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉትና ቀጥሉ።

*ረጅም ማብራሪያ።* ፎቶው ያላለውን በአንድ ገጽ ጽሑፍ ማስባል አይቻልም። ስሟ፣ ስንት ዓመት እንደደነሰች፣ ቁጥሩ። ስሟ እንዲወጣ ካልፈለገች ቁጥሩ ብቻ።